ደም እስከ ምን ድረስ ይመሰክራል?



የዚህ ምሽት አዘጋጆች ስለ ፎረንሲክ ምርመራ እንድናገር ሲጋብዙኝ ርእሱን እንድመርጥ ለእኔው ተዉልኝ፤ አመሰግናለሁ። ስለ ዲኤንኤ ወይም ስለ ጣት አሻራ መናገር ይቻል ነበር። የመረጥኩት ግን በትምህርት ቤት ከሁለቱ ያነሰ የሚነገርለትን፣ በፊልም ደግሞ አዘውትራችሁ የምታዩትን ነው። ወንጀል በተፈጸመበት ቤት ግድግዳ፣ ወለልና ልብስ ላይ የቀረውን ደም አይቶ «ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው» ማለትን ነው የመረጥኩት። «ዴክስተር» የተባለውን ተከታታይ ፊልም ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የዋናው ገጸ ባሕርይ ሥራ ማያሚ ፖሊስ ውስጥ ይኸው ነው። ክሩን ይወጥራል፣ ቀዮቹን ነጥቦች አየት ያደርጋል፣ ገዳዩ የት እንደቆመና እንዴት እንደመታ ይነግረናል። እኛም ሳንጠይቅ እናምነዋለን።

ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ደጋግሜም እለዋለሁ። ደም ከሰውነት ሲወጣ የሚገዛው ለተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ስለዚህ ስለ ጉዞው እውነት ሊነግረን ይችላል። በማን እጅ፣ በምን አኳኋንና በምን ምክንያት እንደፈሰሰ የሚተርክልን ግን ሰው ነው። ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ደሙ የሚለውንና ሰው ስለ ደሙ የሚለውን ለይቶ የማይሰማ ችሎት ንጹሕ ሰው ሊያስር ይችላል።

ንግግሬ አምስት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ደም እንዴት እንደሚጓዝና ከጉዞው ምን እንደሚሰላ እናያለን። ሁለተኛ፣ መርማሪዎች የደም ምልክቶችን እንዴት እንደሚለዩ። ሦስተኛ፣ ሙያው ከየት መጥቶ እንዴት ችሎት እንደገባ። አራተኛ፣ ይህ ሙያ የታየባቸውንና የወደቀባቸውን ሁለት የአሜሪካ የክስ መዝገቦች። አምስተኛ፣ ከዚህ ሁሉ እኛ ምን እንውሰድ። የምጠራቸው ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፤ የደም ጉዞ

አንድ ጎልማሳ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው። ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠው ፕላዝማ የሚባለው ፈሳሽ ነው፤ የቀረው የደም ሴሎች ናቸው። በእነዚህ ሴሎች የተነሣ ደም ከውሃ ሦስትና አራት እጥፍ ይወፍራል። ጠብታው አየር ላይ ሳለ የገጹ ውጥረት ሰብስቦ ስለሚይዘው ክብ ሆኖ ይወርዳል። ሰዓሊዎች የሚስሉት ጫፉ የሾለ የእንባ ቅርጽ በተፈጥሮ የለም። ዝም ብሎ የሚወድቅ ጠብታ በመንገድ ላይ አይበታተንም፤ ቅርጹ የሚለወጠው ሲያርፍ ነው።

ቤታችሁ ስትገቡ ሞክሩት። ከስኒ አንድ ጠብታ ቡና ጠረጴዛ ላይ በተነጠፈ ነጭ ወረቀት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ጣሉ፤ ክብ ምልክት ይተዋል። ወረቀቱን አዘንብላችሁ ሌላ ጠብታ ጣሉ፤ አሁን ምልክቱ ሞላላ ይሆናል። ወረቀቱ ይበልጥ ባዘነበለ ቁጥር ምልክቱ ይረዝማል፤ ጅራት ያወጣል፤ ጅራቱም ጠብታው ይሄድበት ወደነበረው አቅጣጫ ያመለክታል። ደምም እንዲሁ ነው።

ከዚህ ቀላል ነገር ውስጥ ሒሳብ ይወጣል። የምልክቱን ወርድ ለርዝመቱ አካፍሉ። በትምህርት ቤት ሳይን የሚባለውን የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የተገኘው ቁጥር ጠብታው ገጹን የመታበት ማዕዘን ሳይን ነው። ወርዱ 5 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ነው። ወርዱ 7፣ ርዝመቱ 10 ከሆነ 45 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ወርድና ርዝመቱ እኩል ከሆኑ ጠብታው በቀጥታ፣ በ90 ዲግሪ አርፏል ማለት ነው።

አሁን ግድግዳው ላይ አንድ ሳይሆን ሠላሳ ጠብታ አለ እንበል። መርማሪው በእያንዳንዱ ሞላላ ምልክት መሐል፣ ከጅራቱ በተቃራኒ መስመር ይስባል። መስመሮቹ አንድ አካባቢ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ማዕዘኖቹን አክሎ ክር ሲወጥር፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ በኮምፒዩተር ሲያሰላ፣ ደሙ ከወለሉ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደተነሣ ግምት ያገኛል። ሟች ቆሞ ነበር ወይስ ወድቆ ነበር የሚለውን ክርክር አንዳንድ ጊዜ የሚፈታው ይህ ስሌት ነው። «ቆሞ እየታገለኝ መታሁት» ያለ ተከሳሽ ካለና ደሙ የተነሣው ከወለሉ አንድ ክንድ በማይሞላ ከፍታ ላይ ከሆነ፣ ዳኛው ተጨማሪ ጥያቄ የመጠየቅ ምክንያት አለው።

ነገር ግን አስተውሉ፤ ክር ቀጥ ያለ ነው፣ የደም ጠብታ ጉዞ ግን ቀጥ ያለ አይደለም። የመሬት ስበት ወደ ታች ይጎትተዋል፣ አየርም ይገታዋል፤ ስለዚህ እየታጠፈ ነው የሚሄደው። በዚህ ምክንያት በክር የተገኘው ከፍታ ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ይበልጣል። ጥንቁቅ ባለሙያ «ከዚህ ከፍታ አይበልጥም» ይላል እንጂ «ልክ በዚህ ከፍታ ነው» አይልም። ያረፈበት ገጽም ለውጥ ያመጣል። ለስላሳ ሸክላ ላይ ጠርዙ የተስተካከለ ክብ የሚሆነው ጠብታ፣ ያልተለሰነ ሲሚንቶ ላይ ጠርዙ ይቀደዳል፤ ጋቢ ወይም ሹራብ ላይ ደግሞ በክሩ ውስጥ ይሰርግና ወርድና ርዝመቱን ለመለካት እንኳ ያስቸግራል። ልብስን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያውን ነጥብ በዚህ ልዝጋ፤ ይህ የሙያው ክፍል ፊዚክስ ነው፤ ይለካል፣ ይሰላል፣ ሌላ ሰው ደግሞ ሊያጣራው ይችላል።

ሁለተኛ፤ የምልክቶቹ ዓይነት

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ቀዩ ነገር ደም ነው ወይ የሚል ነው። ታጥቦ ለዓይን የማይታየውን ለመፈለግ ሉሚኖል የሚባል ኬሚካል ይረጫል፤ በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ሲያገኘው በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ይሁን እንጂ በረኪናም ያበራዋል፤ መዳብም ያበራዋል፤ አንዳንድ የአትክልት ጭማቂም እንዲሁ። ስለዚህ ሉሚኖል «እዚህ ጋ ፈልጉ» ይላል፤ «ይህ የሰው ደም ነው» ለማለት ሌላ የላቦራቶሪ ምርመራ፣ «የእገሌ ደም ነው» ለማለት ደግሞ የዲኤንኤ ምርመራ ያስፈልጋል። በረኪና በማይጠፋበት ቤት ውስጥ ብርሃን ስላየ ብቻ ደም አገኘሁ የሚል መርማሪ ቸኩሏል።

ደም መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንዴት እንደደረሰ ይጠየቃል። በዋናነት እነዚህን ዓይነቶች ያዙ። አንደኛው በራሱ ክብደት የወደቀ ነጠብጣብ ነው፤ ከአፍንጫ ወይም ከቆሰለ ጣት የሚንጠባጠበው። ሁለተኛው በኃይል ተመትቶ የተፈናጠረ ደም ነው፤ ይህን ፍንጣቂ እንበለው። ሦስተኛው ደም የነካው ዱላ ወይም ቢላዋ ሲወናጨፍ ጣራና ግድግዳ ላይ በረድፍ የሚተወው ነው። አራተኛው ከተቆረጠ የደም ቅዳ ቧንቧ በልብ ምት ልክ እየተነሣ የሚረጨው ነው። አምስተኛው የተጎዳ ሰው ሲያስል ወይም ሲተነፍስ ከአፍና ከአፍንጫ የሚወጣው ነው። ስድስተኛው በንክኪ የሚተላለፍ ነው፤ በደም የራሰ እጅ፣ ጸጉር ወይም ጫማ ሌላ ነገር ሲነካ የሚተወው።

ደም የሌለበት ቦታም ይነበባል። ግድግዳው በሙሉ በጥቃቅን ነጥቦች ተሞልቶ መሐሉ ላይ የሰው ወይም የወንበር ቅርጽ ያለው ንጹሕ ቦታ ቢቀር፣ ደሙ ሲፈናጠር እዚያ የቆመ ነገር ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ተነሥቷል። ጊዜም ምልክቱን ይተዋል። ጠብታ መድረቅ የሚጀምረው ከጠርዙ ነው፤ ቆይቶ የመጣ ሰው ቢጠርገው መሐሉ ይሄዳል፣ ቀለበቱ ይቀራል። ያ ቀለበት በመፍሰሱና በመጠረጉ መካከል ጊዜ እንዳለፈ ያሳያል።

እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ችግሩ የሚመጣው ነጥቦቹ ሲያንሱ ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ ጥቂት ቀይ ነጥቦች ልብስ ላይ ቢገኙ ከየት መጡ? ከጥይት ሊሆን ይችላል፤ ጥይት ደምን እንደ ጉም አድቅቆ ይበትነዋልና። ከሚያስል ቁስለኛም ሊሆን ይችላል። በደም የራሰ ጸጉር ጫፍ ልብሱን ነክቶም ሊሆን ይችላል። ዝንብ እንኳ ትሠራዋለች፤ ደሙን ቀምሳ ሌላ ቦታ ስታርፍ የምትተወው ነጥብ ልምድ የሌለውን መርማሪ ያታልላል። ቀድሞ ባለሙያዎች ፍንጣቂን «ዝቅተኛ ፍጥነት፣ መካከለኛ ፍጥነት፣ ከፍተኛ ፍጥነት» እያሉ በነጥቡ ትልቅነት ይመድቡት ነበር፤ ከፍተኛ ፍጥነት ከተባለ ጥይት ነው ይባል ነበር። ዛሬ ሙያው ራሱ ይህን አመዳደብ ትቶታል፤ ምክንያቱም የነጥብ ማነስ ብቻውን መንስኤውን አይነግርም።

ሁለተኛው ነጥቤ ይኸው ነው፤ አንድ ምክንያት ብዙ ዓይነት ምልክት ይተዋል፣ አንድ ዓይነት ምልክትም ከብዙ ምክንያት ይመጣል።

ሦስተኛ፤ ሙያው ከየት መጣ?

በ1895 በክራካው ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረ ኤድዋርድ ፒዮትሮቭስኪ የተባለ ሐኪም የራስ ቅል ሲመታ ደም እንዴት እንደሚፈናጠር የሚያሳይ ጥናት አሳተመ። ጥንቸሎችን እየመታ፣ ደሙ በዙሪያው ባቆመው ነጭ ገጽ ላይ የሚያርፍበትን እያየ ነበር ያጠናው። ዛሬ ብንሰማው ይዘገንነናል፤ ግን አንድ ትልቅ ነገር አድርጓል፤ ከመናገሩ በፊት ሞክሯል። በ1901 ደግሞ ጀርመናዊው ፓውል ኡሌንሁት የሰውን ደም ከእንስሳ ደም የሚለይ ምርመራ አገኘ፤ በዚያው ዓመት ኦስትሪያዊው ካርል ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን ለየ። «የበግ ደም ነው» የሚል ተከሳሽ ከዚያ ወዲያ በላቦራቶሪ ሊጠየቅ ቻለ። በ1939 ፈረንሳዊው ቪክቶር ባልታዛር ስለ ጠብታ ቅርጽና ማዕዘን ጥናቱን አቀረበ።

ሙያውን በአሜሪካ ችሎት ያስተዋወቀው ግን የዶክተር ሳም ሼፐርድ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 4 ቀን 1954 በኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ አጠገብ ነፍሰ ጡር ሚስቱ መኝታዋ ላይ ተቀጥቅጣ ሞተች። ባልየው ተከሶ በዚያው ዓመት ተፈረደበት። በማግስቱ ዓመት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ፖል ከርክ ክፍሉን መርምሮ የምስክርነት ቃሉን በጽሑፍ ሰጠ። ደሙ ግድግዳዎቹን ሲሞላ ንጹሕ ሆኖ ከቀረው ቦታ ተነሥቶ ገዳዩ የት እንደቆመ ተናገረ፤ ከዚያም ገዳዩ ግራኝ ነው አለ፤ ሼፐርድ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ነበር። በ1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ምክንያቱ ደሙ አልነበረም፤ ጋዜጦች የፈጠሩት ሁካታ ተከሳሹ ፍትሐዊ ችሎት እንዳያገኝ አድርጎታል የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ጉዳዩ እንደ ገና ሲታይ ከርክ ቀርቦ መሰከረ፤ ሼፐርድም በነፃ ተለቀቀ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከርክ ሁለት ነገር ተናግሯል። ገዳዩ የቆመበት ቦታ ባዶ ሆኖ ቀርቷል የሚለው ከደሙ የተነበበ ነው። ገዳዩ ግራኝ ነው የሚለው ግን ከዚያ አንድ እርምጃ የራቀ ነው፤ ቀኝ እጅ የለመደ ሰውም በግራ እጁ ወይም ዞሮ ሊመታ ይችላልና። ሁለቱም ቃል የወጣው ከአንድ ሰው አፍ ነው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

ከከርክ በኋላ የመጣው ኸርበርት ማክዶኔል ነው። በ1971 የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ስለ ደም ጉዞና ምልክት የጻፈውን ጥናት አሳተመለት። ከዚያ ማክዶኔል ለፖሊሶች ማስተማር ጀመረ። ኮርሱ የአንድ ሳምንት፣ 40 ሰዓት ያህል ነበር። ተማሪዎቹም ወደየከተማቸው ተመልሰው በሙያ ምስክርነት ችሎት ቆሙ። አንዱ ፍርድ ቤት ሲቀበላቸው ሌላው «እነ እገሌ ተቀብለዋል» እያለ ተቀበለ። የስህተታቸውን መጠን የሚለካ ሰፊ ጥናት የመጣው ግን ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው።

አራተኛ፤ ሁለት መዝገቦች

የመጀመሪያው የዴቪድ ካም ጉዳይ ነው። ካም በኢንዲያና ግዛት ፖሊስ የነበረ ሰው ነው። መስከረም 28 ቀን 2000 ማታ ቅርጫት ኳስ ሲጫወት አምሽቶ ቤቱ ሲገባ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን መኪና ማቆሚያው ውስጥ በጥይት ተገድለው እንዳገኛቸው ተናገረ። አብረውት የተጫወቱት ሰዎችም ከእኛ ጋር ነበር አሉ። ካም ወደ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሴት ልጁ ላይ አልፎ ወንድ ልጁን አወጣ፤ ሊያድነውም ሞከረ። በቲሸርቱ ላይ የልጅቷ ደም የሆኑ ስምንት ጥቃቅን ነጥቦች ተገኙ።

ሙሉው ክርክር እነዚህ ስምንት ነጥቦች ላይ ወደቀ። የዐቃቤ ሕግ ባለሙያዎች «ጥይት ሲመታት የተፈናጠረ ነው፤ ስለዚህ ሲተኮስ አጠገቧ ነበር» አሉ። የተከላካይ ባለሙያዎች «በላይዋ ሲያልፍ በደም የራሰው ጸጉሯ ነክቶት የተላለፈ ነው» አሉ። በሁለቱም ወገን የቆሙት ስመ ጥር ሰዎች ነበሩ፤ ያዩትም አንድ ቲሸርት ነበር። ስፍራውን ቀድሞ አይቶ፣ ካም በሦስት ቀን ውስጥ የታሰረበትን አስተያየት የሰጠው ሰው ደግሞ ፎቶግራፍ እንዲያነሣ የተላከ እንጂ የደም ምልክት ተንታኝ አልነበረም።

ካም በ2002 ተፈረደበት፤ ፍርዱ ተሻረ። በስፍራው ተጥሎ የነበረ አንድ ሹራብ ነበር። በ2005 ከሹራቡ የተገኘው ዲኤንኤ ቀድሞ በወንጀል የታሰረ የሌላ ሰው መሆኑ ታወቀ፤ የዚያ ሰው የመዳፍ አሻራም በሟች መኪና ላይ ነበር። ሰውየው በ2006 ተፈርዶበት 225 ዓመት ተወሰነበት። ዐቃቤ ሕግ ግን «ሁለቱ ተባብረው ነው» ብሎ በዚያው ዓመት ካምን እንደ ገና አስፈረደበት፤ ያም ፍርድ በ2009 ተሻረ። ሦስተኛው ችሎት በጥቅምት 2013 በነፃ አሰናበተው። ከመጀመሪያው እስራት እስከዚያ ቀን 13 ዓመት አልፏል።

ሁለተኛው ጉዳይ የጆ ብራያን ነው። ብራያን በቴክሳስ፣ ክሊፍተን በምትባል ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበር። በጥቅምት 1985 መምህርት ሚስቱ ቤቷ ውስጥ በጥይት ስትገደል እርሱ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ርቆ በኦስቲን ከተማ ስብሰባ ላይ ነበር። በኋላ በመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ጥቃቅን ነጥቦች ያሉበት የእጅ ባትሪ ተገኘ። የ40 ሰዓት ኮርስ የወሰደ አንድ የፖሊስ መርማሪ «ገዳዩ ሲተኩስ ባትሪውን በሌላኛው እጁ ይዞ ነበር» ብሎ መሰከረ። ብራያን ሁለት ጊዜ ተፈረደበት፤ 99 ዓመትም ተወሰነበት።

በ2018 የቴክሳስ የፎረንሲክ ሳይንስ ኮሚሽን ያ ምስክርነት ትክክል እንዳልነበረና ሳይንሳዊ ድጋፍ እንደሌለው አስታወቀ። የመሰከረው መርማሪም በቃለ መሐላ ከተጠቀመባቸው ዘዴዎች አንዳንዶቹ ስህተት እንደነበሩ፣ ስለዚህም ከምስክርነቱ ትክክል ያልሆነ እንዳለበት አመነ። ይህ ሁሉ ሆኖ የግዛቲቱ የይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን አልሻረውም። ብራያን በመጋቢት 2020 ከ30 ዓመት በላይ ታስሮ በአመክሮ ወጣ፤ በሕግ ፊት ግን ጥፋተኛ እንደተባለ ነበር የወጣው።

በሁለቱም መዝገብ ልብ በሉ። ነጥቦቹ መኖራቸውን ማንም አልካደም። ደሙ አልዋሸም፤ የተሳሳተው ከጥቂት ነጥብ ተነሥቶ ሙሉ ታሪክ የጻፈው ሰው ነው።

አምስተኛ፤ እኛስ ምን እንውሰድ?

በመጀመሪያ መለኪያውን እንወቅ። በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ስለ ፎረንሲክ ሳይንስ ባወጣው ሪፖርት ስለ ደም ምልክት ትንተና ሲናገር፣ ያልተረጋገጠው ነገር እጅግ ብዙ ነው፣ የባለሙያዎቹ አስተያየትም ከሳይንስ ይልቅ ወደ ግል አመለካከት ያደላል አለ። በ2016 የወጡ ጥናቶች መንስኤያቸው የታወቀ ምልክቶችን ለባለሙያዎች ሰጥተው ፈተኑ። ደሙ ጠንካራ ገጽ ላይ ሲሆን 13 በመቶ ገደማ፣ ጨርቅ ላይ ሲሆን ደግሞ 23 በመቶ ገደማ የሚሆነው ምላሽ ስህተት ነበር። ልብስን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ የካም ነጥቦች ያሉት ቲሸርት ላይ ነው። ስለ ጉዳዩ አስቀድሞ የተነገራቸው ታሪክም ምላሻቸውን ወደዚያው ይጎትተው ነበር። በ2021 በወጣ ሌላ ጥናት 75 ባለሙያዎች 192 ምልክቶችን አዩ፤ መንስኤያቸው በታወቀው ላይ ከሰጡት ምላሽ 11.2 በመቶው ስህተት ሆነ።

እነዚህ ቁጥሮች ሙያው ይጣል አይሉም። በመጨረሻው ጥናት ከአሥር ምላሽ ወደ ዘጠኝ የሚጠጋው ስህተት አልነበረም። ነገር ግን የሰው ሕይወት የሚወሰንበት ችሎት ላይ ከአሥር አንዱ ብዙ ነው፤ ለዚያውም እነዚያ ምልክቶች ለፈተና የተሠሩ ናቸው፤ እውነተኛ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው ይረግጣል፣ ይጠርጋል፣ ያነሣል።

ወደ ሀገራችን ልምጣ። በአሜሪካ ፍሬ ነገሩን የሚወስነው ጁሪ የሚባለው ከሕዝብ የተመረጠ ቡድን ነው። እኛ ዘንድ ጁሪ የለም፤ የሙያ ምስክርን ቃል የሚመዝኑት ዳኞች ራሳቸው ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ሰጥቶታል። ማጣራቱ የችሎቱ ሸክም ነው። በቀድሞው ዘመን ሌባሻይ የሚባል ልማድ ነበረን፤ መድኃኒት ያጠጡት ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ልጁ ስንት ጊዜ በተሳሳተ ደጅ እንደወደቀ የቆጠረ አልነበረም። ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለሙያም ስህተቱ ካልተቆጠረ፣ የምናምነው በሌባሻይ መንገድ ነው።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። በተለይ እናንተ ጠበቆች በመስቀለኛ ጥያቄ፣ እናንተ ዳኞች በማጣሪያ ጥያቄ አንሡአቸው። አንደኛ፦ «ይህን ምልክት ሌላ ምን ሊፈጥረው ይችላል?» ምንም የለም የሚል ባለሙያ ካለ ጠንቀቅ በሉ። ሁለተኛ፦ «ምልክቱን ከማየትዎ በፊት ስለ ተጠርጣሪው ምን ተነግሮዎት ነበር?» ሦስተኛ፦ «ብቃትዎን ማን ፈተነው? መልሱ በታወቀ ፈተና ላይስ ስንት ጊዜ ተሳሳቱ?»

ለመርማሪ ፖሊሶችም አደራ አለኝ። ሰፈር ውስጥ እሪ ሲባል ጎረቤት ሁሉ ይገባል፤ አስከሬኑን ያነሣል፤ የሟች ደም ሜዳ ላይ እንዳይታይ ብሎ ወለሉን ያጥባል። ከክፋት አይደለም፤ ከክብር ነው። ሰው ሕይወት ካለው መርዳት ይቀድማል፤ ከዚያ በኋላ ግን በሩ ይዘጋ፣ ውሃ አይፍሰስ። ማን ምን እንዳነሣና የት እንደረገጠ ወዲያውኑ ይጻፍ፤ የንክኪ ደም ከፍንጣቂ የሚለየው አንዳንድ ጊዜ በዚያ ማስታወሻ ብቻ ነው። ፎቶው ማስመሪያ ተቀምጦለት ካሜራው ከገጹ ጋር ፊት ለፊት ሆኖ ይነሣ፤ በጎን የተነሣ ፎቶ ክቡን ሞላላ ያደርገዋል፣ ስሌቱም ሁሉ ይበላሻል። የራሰ ልብስ ሳይታጠፍ ደርቆ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል፣ ሲታጠፍም አዲስ እድፍ ያወጣል።

ለተማሪዎች ደግሞ ይህን እላለሁ። ፒዮትሮቭስኪ ከመናገሩ በፊት ሞክሯል። የእኛ ቤቶች የጭቃ ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለልና የጥጥ ልብስ ላይ ደም እንዴት እንደሚያርፍ ለማጥናት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከቄራ የሚገኝ የእንስሳ ደም፣ ማስመሪያና ትዕግሥት ይበቃል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ፣ ይኸው ርእስ።

ክቡራትና ክቡራን፤ አባቶቻችን «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የደም ምልክት ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ከዲኤንኤ፣ ከአሻራ፣ ከሐኪም ሪፖርትና ከሰው ምስክር ጋር ሲስማማ ይጠነክራል። ብቻውን ግን፣ በተለይ ልብስ ላይ የተገኙ ጥቂት ጥቃቅን ነጥቦች ሲሆኑ፣ ሰውን ለማሰር አይበቃም። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ባለሙያ ችሎት ፊት ቆሞ «ደሙ እንዲህ ይላል» ሲል ብትሰሙ፣ «ደሙ ነው ወይስ እርስዎ ነዎት ያሉት?» ብላችሁ ጠይቁት።